የሁለት ጨረቃ ዝምታ

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ፌዴሬሽን ያስተዳድራል። ፕላኔቶች አሉት፣ ምክር ቤት አለው፣ የጦር መርከቦች በዚያ ጨለማ ውስጥ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱለታል። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ወርውሮ "አያቴ፣ ዛሬ አንዷ ፕላኔት ልትገነጠል ነው" ይለኛል። እኔም ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቀጥዬ የምጠይቀውን የቤቱ ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

"መርከቦቹን በእጅ ትነካቸዋለህ?"

"አልነካቸውም፣ አያቴ። ስክሪን ውስጥ ናቸው እኮ።"

"ቢሆንም እጅህን ታጠብ።"

ልጄ ከማድቤት ሆና "እማዬ፣ በሞቴ ተይው" ትላለች። ብተወው እኔም ባረፍኩ። ግን ጨዋታ ሲባል ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር በሰፈራችን ስሙ ሳይሰማ በፊት፣ እኔ በአንድ የከዋክብት ፌዴሬሽን ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። መርከቦቹን የምንሠራቸውም እኛ ነበርን።

አባቴ ጫማ ሠሪ ነበር። የፕላስቲክ ጫማ መጥቶ ሥራውን ሲያቀዘቅዘው፣ አንድ ነጋዴ በሳጥን የሚሸጥ የጠረጴዛ ጨዋታ ሐሳብ ይዞለት መጣ። "የሰባቱ ፀሐዮች ፌዴሬሽን" ይባላል። በትልቅ ወረቀት ላይ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሰማይ አለ። ተጫዋቹ አንድ አንድ ፕላኔት ይይዛል፤ ይነግዳል፣ ይዋጋል፣ ምክር ቤት ገብቶ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲከፋው ይገነጠላል። ካርታውን ማተሚያ ቤት ያትመዋል። መርከቦቹ ግን ከእኛ ቤት ነበር የሚወጡት።

አባቴ ከቁራሌው አሮጌ የመኪና ባትሪና የውሃ ቧንቧ ይገዛል። ከዚያ ውስጥ የሚወጣውን እርሳስ፣ የሚጻፍበትን ማለቴ አይደለም፣ ያንን ግራጫ፣ ከባድና ለስላሳ ብረት፣ በማይጠቅም ድስት ያቀልጠዋል። ሲቀልጥ እንደ መስታወት ያበራል። በጭልፋ ቀድቶ ቅርጹ ውስጥ ያፈሰዋል፣ በመዶሻ እጀታ ኳ ያደርገዋል፣ አንዲት መርከብ ትኩስ ዱብ ትላለች። እናቴ ጠርዟን በሞረድ ትሞርዳለች። ብናኙ እንደ ዱቄት ሽርጧ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ፀጉሯ ላይ ይተኛል። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንበላው። እናቴ እንግዳ ሲመጣ የምታፍርበት ነገር ቢኖር የጠረጴዛው እግር መወላገድ ነበር እንጂ ብናኙን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት።

ጫማ ሠሪ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ፣ ምስማሩን ከቆርቆሮ እያነሳ አይደለም የሚመታው። እፍኝ ሙሉ አፉ ውስጥ ይጨምርና በምላሱ አንድ አንድ እየገፋ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ያቀርበዋል። አባቴ መርከብ መሥራት ሲጀምር እጁ ሥራ ቀየረ፣ አፉ ግን ጫማ ሠሪ እንደሆነ ቀረ። መርከቧ ላይ የሽቦ ምሰሶ ይተከላል፣ ምሰሶው ላይ የወረቀት ባንዲራ ይለጠፋል፤ ለዚህ ሁሉ ሁለት እጅ አይበቃም። ስለዚህ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ከንፈር ላይ ይቆያሉ። ርጥበቱም ለሙጫው ይስማማዋል ይል ነበር። እናቴም ከእሱ ለመደች። እኔ የዚያን ጊዜ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው መርከቡ እየተንሸራተተ ስላስቸገረኝ፣ "አንቺ በሩ የተሰበረ ቤት ነሽ" ተብዬ ወደ ብሩሽና ቀለም ተዛወርኩ። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ በሕይወት ተቀምጬ የማወራው በዚያ ይሆናል፤ እንጃ።

የእኔ ቦታ ለታናሽ ወንድሜ ተሰጠ። ሬዲዮ እንለዋለን። ሌላ ስም ነበረው፣ የሚጠራው ሰው ጠፋ እንጂ። ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ያወራል፤ ለድመት ያወራል፣ ለወንበር ያወራል፣ ያኮረፈ ሰው ሲያይ ደግሞ ይብስበታል። አባቴ ምሰሶ የሚተከልበት ጥቃቅን ሥራ ላይ ሲደርስ "ወደቡን ክፈት" ይለዋል። ሬዲዮ አፉን ይከፍታል፣ አባቴ መርከቦቹን ይደረድርለታል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ በአንድ ከከንፈሩ እየተቀበለ ይሠራል።

"ምን ምን ይላል?" ብላ እናቴ አንድ ቀን ጠየቀችው።

"ይጣፍጣል" አላት።

ሁላችንም ሳቅን። ልጅ ያገኘውን ሁሉ ከረሜላ ነው ይላል ብለን። እርሳስ በእውነት እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የእናቴ ወንድም የታሪክ አስተማሪ ነበር። ነጋዴው በየሳጥኑ የፌዴሬሽኑን ታሪክ የምትተርክ ትንሽ መጽሐፍ እንድትገባ ፈልጎ ነበርና፣ ያንን የሚጽፈው እሱ ሆነ። ከትምህርት ቤት መልስ መጥቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ነገሥታቱን ይሽራል፣ ውል ያፈራርማል፣ የአንዷን ፕላኔት መርከቦች በሌላዋ ላይ ያዘምታል። የጻፈውን በትምህርት ቤቱ ማባዣ ያባዛዋል። አባቴ ግማሽ ለክብር፣ ግማሽ ለሹፈት "ታሪክ ጸሐፊው" ይለዋል።

"ያልሆነ ነገር ለመጻፍ ይህን ያህል ማሰብ ምን ይሉታል?" ይለዋል አባቴ፣ መርከብ በከንፈሩ ይዞ እየተንተባተበ።

"የሆነውን መጻፍማ ቀላል ነው" ይላል አጎቴ። "ያልሆነው ነው እርስ በርሱ እንዳይጣላ ጠባቂ የሚፈልገው።"

ለእኔና ለሬዲዮ ፕላኔት አደለን። ለእኔ ነፋሻን ሰጠኝ። ለሬዲዮ ሁለት ጨረቃን ሰጠው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ስለ ሁለት ጨረቃ እንዲህ ይል ነበር፦ ሰዎቿ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ በምክር ቤቱ የሁለት ጨረቃ ተወካይ ንግግር ሊያደርግ ሲነሳ፣ የሌሎቹ ፕላኔቶች ተወካዮች ትራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ይህን ሳነብለት ሬዲዮ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ይስቃል። ድገሚልኝ ይላል። እደግምለታለሁ። እኔ ያኔ ማንበብ የቻልኩት በቅርቡ ስለነበር፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ በእውነት ያለ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ጨረቃ የሆነ ቦታ አለች፤ ወንድሜ ያስተዳድራታል፤ አጎቴ የሚሆነውን ይጽፋል። በቃ።

ከዚያ ሬዲዮ ሆዴን ማለት ጀመረ።

መጀመሪያ ትል ነው ተባለ። ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ መጣ። ዳቦውን ሁለት ጊዜ ገምጦ ይተወዋል። ፊቱ ወየበ። በትንሽ ነገር ይነጫነጫል፣ ድመቷን በእግሩ መታት፤ ከዚያ በፊት ድመቷን ይቅርታ ሳይጠይቅ አልፏት አያውቅም። እናቴና አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሲነጋገሩ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ።

"ልጁ ደክሟል" ትላለች እናቴ።

"ሲያድግ ነው። አጥንቱ ሲሳብ ልጅ ይደክመዋል።"

"ማታ ማታ ደረቱን እዳብሰዋለሁ፣ እንደ ወፍ ነው።"

"አንቺ ደግሞ የወፍ ደረት ስትዳብሺ ነው የኖርሽው?"

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ሲፈራ የሚቀልድ ሰው ነበር። ሬዲዮ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ሲያየው "ምነው ሬዲዮ፣ ባትሪህ አለቀ?" ይለዋል። እናቴ ሳትስቅ ሞረዷን ታነሳለች።

በዚያው ሰሞን አጎቴ የሚጽፈውን ሳይጨርስ ወጣ ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦ "በዚያ ዘመን በሁለት ጨረቃ ሕዝብ ላይ ድካም ወደቀ። መጀመሪያ ምግብ ጠሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዳጃቸውን ያለ ምክንያት ተቆጡ። ከዚያም ቃላት ከአፋቸው አንድ በአንድ እየወደቁ ይጠፉ ጀመር።"

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሬዲዮ ማንኪያ ፈልጎ በጣቱ አመለከተ። ስሙን በለው አልኩት። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ጣራውን አየ፣ ከዚያ አለቀሰ። ነገሩ ገባኝ። አጎቴ የጻፈው ነው ወንድሜ ላይ የሚደርሰው።

አሁን ሳስበው፣ ተገላቢጦሹ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሁላችንም አንገታችንን መርከብ ላይ ደፍተን ስንውል፣ ያንን ልጅ ቀና ብሎ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ያየውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራው ስላላወቀ፣ ዘወትር የሚያደርገውን አደረገ፤ ታሪክ አድርጎ ጻፈው።

እኔ ግን ጠላሁት። ሲመጣ ጫማውን አላቀበልኩትም። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ፊቱ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ የሁለት ጨረቃ ሰዎች መልሰው የሚናገሩበትን ጻፍ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሬዲዮን አየው፤ ወለሉ ላይ ጎኑን ይዞ ተኝቷል።

"ገና እዚያ አልደረስኩም።"

"ዝለልና ድረስ።"

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "እሺ" አለ። "እዘላለሁ።"

ጻፈው። ከሩቅ ፀሐይ ነፋስ መጣ፣ አመዱን ከሰዎቹ ፊት ጠረገው፣ የሁለት ጨረቃ ሕፃናት መጀመሪያ ተናገሩ። ወረቀቱን ተቀብዬ ለሬዲዮ በጆሮው አነበብኩለት። በማግስቱም አነበብኩለት።

ሬዲዮም ተሻለው።

እንዲያው አልዋሽም፣ ዓይኔ እያየ ተሻለው። ዳቦውን ጨረሰ። ሾርባ ጠጣ። አንድ ጠዋት ላይ ተነስቶ "ማንኪያ" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አባቴ አንስቶ ወደ ጣራው ወረወረውና ቀለበው። ሽሮፑ ነው አለ አባቴ። እናቴ ጸሎቴ ነው አለች። እኔ አፌን ይዤ አየኋቸው። የማውቀውን አውቃለሁ።

የማላውቀው ይህን ነበር። በዚያን ጊዜ ቁራሌው ታሞ ከርሞ ባትሪ ጠፍቶ ነበር። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ድስቱ ደጅ ተደፍቷል። ሥራ የፈታች እናቴ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጠበችው፤ አንሶላውን፣ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን በሳሙና ፈተገችው። ከሽሮፑም፣ ከእኔም ወረቀት ይልቅ ልጁን ያሻለው የሥራ ማጣት ነበር። እኛ ግን ሥራ ስለጠፋ ስናዝን፣ ስንጨነቅ ነበር የከረምነው።

ከዚያ ነጋዴው መጣ። ትልቅ ትእዛዝ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ በየከተማው ሱቅ መድረስ ነበረበት። እርሳሱም በከረጢት በከረጢት ገባ። ቁራሌው ድኖ ነበርና፣ አባቴ እቅፍ አድርጎ ሳመው። ዝናብ ስለነበር ምድጃው ወደ ውስጥ ገባ፣ መስኮቱ ተዘጋ። ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን እንስቃለን። እንደዚያ ደስ ያለን ጊዜ ትዝ አይለኝም።

"ወደቡን ክፈት" አለ አባቴ፣ ሬዲዮም ከፈተ።

ብዙም አልቆየም። ድካሙ ከበፊቱ ፈጥኖ መጣ። ቃላቱ ዳግመኛ ይወድቁ ጀመር፤ ድመት ጠፋች፣ ማንኪያ ጠፋ፣ የኔ ስም ጠፋ። ወደ አጎቴ ሮጥኩ። ጻፈልኝ። አነበብኩ። ምንም የለም። አሁንም ጻፈልኝ፤ በሁለተኛው ላይ ነፋሱ ከሦስት ፀሐይ መጣ። አሁንም ምንም። ልቡን አድርጎ አይጽፍም አልኩ። እሱ ግን ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን አባቴ እጅ ላይ ነበር ዓይኑ የሚውለው።

"እስቲ ሬዲዮን ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ልውሰደው" አላት እናቴን።

"ወደቡ ከሄደ ሥራው በምን ያልቃል?" አለ አባቴ። ቀልዱን ነበር። ግን ሥራውም አላለቀም ነበር።

አንድ ጠዋት ሬዲዮ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፣ ሰውነቱ እንደ ገመድ ተገተረና ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቴ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ አቅፎት ወጣ። እናቴ ተከተለች፤ እኔም ማንም ሳያየኝ ተከተልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቀጭን መነጽር ያደረገች ሐኪም ነበረች። የሬዲዮን ከንፈር በጣቷ ከፍ አድርጋ ድዱን አየች። እኔም አየሁ፤ በጥርሱ ሥር ሰማያዊ መስመር አለ፣ በብዕር የተሰመረ የሚመስል።

"ሥራችሁ ምንድን ነው?" አለች።

አባቴ ይህን ጥያቄ ይወደው ነበር። ከሽርጡ ኪስ አንዲት መርከብ አወጣ፤ አዲስ የተቀባች፣ ባንዲራዋ የሁለት ጨረቃ። "ለልጆችዎ ትሁን" ብሎ ዘረጋላት። ሐኪሟ በወረቀት ተቀብላ ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠቻትና ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች። የአባቴ ፊት እንዴት እንደጠቆረ አልረሳውም። ናቀችን ብሎ ነበር። እኔም ናቀችን ብዬ ነበር።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። የያዝኩት ቁርጥራጭ ነው። "እርሳሱ ደሙ ውስጥ ገብቷል።" "ወደ ጭንቅላቱ ሄዷል።" "በአፍ፣ በትንፋሽ፣ በሁሉም።" "የሚያወጣ መድኃኒት እዚህ የለንም፤ እንጠይቃለን፣ ግን ቆይቷል።" እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ሄደች። ለእኔ የታየኝ ግን መርከቦቹ ናቸው። በወንድሜ ደም ውስጥ ተሰልፈው፣ ባንዲራቸውን ሰቅለው፣ ወደ ጭንቅላቱ ይቀዝፋሉ። ጦርነት ነው ማለት ነው። ጦርነት ደግሞ ውል ተጽፎ ያልቃል፤ አጎቴ ሲጽፍ አይቻለሁ።

ነጋዴው ሳጥኖቹን ሊወስድ የመጣው ሬዲዮ ገና ሆስፒታል ሳለ ነው። ሳጥኖቹ እስከ ጣራ ተደርድረዋል። እናቴ ፊታቸው ቆማለች።

"አይወጣም" አለች።

"ተይ አንቺ ሴት" አለ አባቴ።

"የሰው ልጅ ነው የሚበላው።"

"የሰው ልጅ አይበላውም። ይጫወትበታል። አፉ ውስጥ የሚጨምረው የጫማ ሠሪ ልጅ ብቻ ነው።" ይህን ብሎ በሩ ላይ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

እኔ በልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። መርከቦቹ ከቤት ከወጡ ከሬዲዮም ደም ይወጣሉ ብዬ ነበርና፣ እናቴ ለምን እንደምትከለክል ሊገባኝ አልቻለም።

አጎቴ ነጋዴውን በትሕትና ያናግረው ጀመር። "በየሳጥኑ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እናስገባ። 'ወደ አፍ አታስጠጉ' የምትል።"

"መርዝ ሻጭ ነኝ ብዬ ላውጅልህ?" አለ ነጋዴው። "ይህን አንብቦ ለልጁ የሚገዛ አባት አሳየኝ።"

"ወረቀቷን ልጆቹ እንጂ አባቶቹ አያነቧትም።"

"አይሆንም አልኩህ፣ መምህር። ደግመህ እንዳታነሳብኝ።"

አጎቴ ከአንዱ ሳጥን መጽሐፏን አወጣ። "እንግዲያው የታሪኩን የመጨረሻ ገጽ ልቀይር" አለ።

"ምን ሆነ የመጨረሻው ገጽ?"

"ዘመኑን ተሳስቻለሁ። እንደጻፍኩት ከሆነ ጦርነቱ ሳይጀመር ነው የሚያልቀው።"

ነጋዴው ከት ብሎ ሳቀ። "እስከ ቀትር እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ተጀመረም አልተጀመረም እጭናለሁ።"

አጎቴ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። የእኔን ደስታ ማን ያውቃል። የመጨረሻ ገጽ ነው፤ በየሳጥኑ ይገባል፣ በየከተማው ይነበባል። አንድ ጊዜ በጆሮው ሳነብለት የተሻለው ልጅ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያነብለት እንዴት አይድንም?

አጎቴ እጁ እስከ ክርኑ ቀለም ሆኖ፣ ገና ያልደረቀ ወረቀት ታቅፎ ተመለሰ። እናቴ አሮጌውን ገጽ ትቀድዳለች፣ እሱ አዲሱን በሙጫ ይለጥፋል፣ እኔ መጽሐፏን ሳጥን ውስጥ እመልሳለሁ። ከተለጠፉት አንዷን ገልጬ አነበብኩ።

"የሁለት ጨረቃ ሕግ። ሁለት ጨረቃ ዝም ካለች በኋላ፣ የሰባቱ ፀሐዮች ምክር ቤት በአንድ ድምፅ ይህን ደነገገ። መርከቡን ወደ አፉ ያስጠጋ አዛዥ ሦስት ዙር ከጨዋታ ይታገዳል። ከጨዋታ በኋላ እጁን ያልታጠበ አዛዥ ቢያሸንፍም ድሉ አይቆጠርለትም። ሌላው ይህን ሕግ ሲጥስ አይቶ ዝም ያለ፣ ራሱ እንደ ጣሰ ይቆጠራል።"

ገጹን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

"የሚናገሩበትስ?" አልኩት።

አጎንብሶ ሙጫውን ይቀባል።

"ጋሼ፣ ዝም ካለች በኋላ ይላል እኮ። ሰርዘው። ሬዲዮ ገና ነው።"

"ቦታ የለውም፣ የኔ ልጅ።"

"ጀርባው ላይ አለ። ትንሽ አድርገህ ጻፈው።"

በቀለማሙ እጁ ዓይኑን ሸፈነ። እጁን ሲያነሳ ፊቱ ጥቁር ነበር። "ሰዓት የለኝም" አለ። "እነዚህ ሊሄዱ ነው።"

መኪናው ሲወጣ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፣ አባቴ ከበሩ አልተነሳም። ሬዲዮም ከሆስፒታል አልተመለሰም። ከገባ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል እንኳ እንዳልወጣው ነርሷ ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ሲመጣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ እሆናለሁ። ሐዘን ነው፣ ልጅ ናት፣ ተዋት ይባላል። እሱም ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ተዛወረ፣ እዚያው ታሞ ሞተ። አባቴ ወደ ጫማው ተመለሰ። ምስማሩን ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ አንድ አንድ እያነሳ፣ በጣም እየዘገየ ይሠራ ነበር፤ ደንበኞች ይሰለቹት ነበር። መርከብ የሚባል ነገር በቤታችን ዳግም አልተነሳም። ሐኪሟ ያለችውን ስጎለምስ ተረዳሁት። ያቺን ገጽ ግን እንደ ጠላሁ በልቤ አንድ ጥግ ወርውሬያት፣ ተመልሼ አላየኋትም።

አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረች ልጅ መርፌ ቁልፎቿን በከንፈሯ ይዛ ስትሠራ አየሁ።

"አውጪው ከአፍሽ" አልኳት። እንዴት እንዳልኳት አላውቅም፣ ልጅቷ ደነገጠች።

አጠገቤ የምትሰፋው ሴት ሳቀች። ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። "ሦስት ዙር ታግደሻል በያት" አለች።

ማሽኔን አቆምኩ። "ምን አልሽ?"

"ኧረ የልጅነት ነገር ነው። አባታችን አንድ ሳጥን ገዝቶልን ነበር፤ የከዋክብት ፌዴሬሽን ነው ምንድነው፣ መርከቦች ያሉት። ጦርነቱ እንዴት እንደነበር አሁን ትዝ አይለኝም። ሕግ ነበረው፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ። ያንን ነበር የወደድነው። መርከብ አፉ ያስጠጋ ይታሰራል። ታናሽ ወንድማችን ያገኘውን ሁሉ የሚጎርስ ልጅ ነበርና ጠረጴዛ ሥር ነበር የሚውለው። ያለቅሳል፣ ይለምናል። እኛ ወይ ፍንክች። አይቶ ዝም ያለም እንደ ጣሰ ይቆጠራል ይል ነበር፤ እንዴት እንማረው? እናቴ ሳይቀር ትቆጣን ነበር፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው እያለች። መጨረሻ ላይ መርከብ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ማድረግ ለመደ፣ ምስኪን።"

የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ እንዳይወድቅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

"ወንድምሽ" አልኳት፣ "አሁን የት ነው?"

"ማን፣ እስረኛው? አለ። ትናንት ማታ ደውሎ ጆሮዬን አደነቆረኝ። አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል።"